ተራ ሲቀየር፦ ከሀለሐመ ወደ አበገደ

ዛሬ ታሪክም ሒሳብም ነው፤ መጨረሻው ላይ ይቅርታም አለ።

አውቶቡስ ተራ አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ጋ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት አየሁ። የቃላቱ ክፍል ሲጀምር «ሀ» የለም። ገጽ የተገነጠለ መስሎኝ ዋጋ ላስቀንስ ነበር! ለካ የተደረደረው በአበገደ ነው። አለቃ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን ሥራ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ አሰብኩ። እነዚህ አራት ፊደላት በለመድነው ሀለሐመ እንዴት ይመጣሉ? በ፣ አ፣ ደ፣ ገ። «በ»ና «አ» ተራ ይቀያየሩ፤ «ደ»ና «ገ»ም እንደዚያው። አለቀ፦ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ። ሁለት ቅያሬ። ዞር ዞር ብላችሁ በአራት ወይም በስድስት ቅያሬም ትደርሳላችሁ። በሦስት ወይም በአምስት ግን ዕድሜ ልካችሁን ብትሞክሩ አትደርሱም።

ለምን? ተራ የያዙ አውቶቡሶችን አስቡ። ተከታትለው የቆሙ ሁለት አውቶቡሶች ቢቀያየሩ የሚገለበጠው የሁለቱ ቅድሚያ ብቻ ነው፤ ሌላውን አይነካም። ስለዚህ ቅድሚያቸው የተገለበጠ ጥንዶች ብዛት በአንድ ይጨምራል ወይ በአንድ ይቀንሳል፤ ተጋማሽ የነበረው ጎዶሎ፣ ጎዶሎው ተጋማሽ ይሆናል። ተራርቀው የቆሙ ቢቀያየሩስ? በመሃላቸው ሦስት አውቶቡስ ካለ፣ በጎረቤት ቅያሬ ሲሠራ 7 ጊዜ ነው። ሁልጊዜም ጎዶሎ ይወጣል።

ስዊዛዊው ገብርኤል ክራመር እ.ኤ.አ. በ1750 ባሳተመው መጽሐፍ ዛሬ ዲተርሚናንት የምንለውን ሲያሰላ፣ የእያንዳንዱን ብዜት ምልክት የወሰነው እነዚህን የተገለበጡ ጥንዶች ቆጥሮ ነው፦ ተጋማሽ ከሆኑ መደመር፣ ጎዶሎ ከሆኑ መቀነስ።

አሁን ወደ ይቅርታው። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንድ ተማሪ ዲተርሚናንት ሲሠራ ረድፎቹን አራት ጊዜ ቀያየረ። እኔ የሠራሁት በሁለት ነበር። መልሱም ምልክቱም ትክክል ሆኖ ሳለ ኤክስ አደረግኩበት። «ቲቸር፣ መልሱ እኮ አንድ ነው» ሲለኝ፣ «ቁጭ በል!» አልኩት።

ያንን መዝገበ ቃላት እንዳየሁት ነው ወረቀትህንም ያየሁት፤ ከለመድኩት ተራ ስለወጣ ብቻ የጎደለ መሰለኝ። ይህን ካነበብክ፣ ማርኩ ያንተ ነበር። መንገድህ ረዘመ እንጂ አልተሳሳተም። ይቅርታ አድርግልኝ።