የታናናሾቻችሁን ደብተርና ቦርሳ ልትገዙ ከሆነ ይህን ሴቭ አድርጉት

ጳጉሜን ላይ መርካቶ የገባ ሰው ያውቀዋል። ጭቃው፣ ግፊያው፣ "ደብተር በደርዘን!" የሚለው ጩኸት። ብዙዎቻችን ቤት ደግሞ ይህን ግዢ የሚሠራው እናት ወይም አባት ሳይሆን ትልቁ ልጅ ነው። ዝርዝሩ በቴሌግራም ይላካል፣ ብሩ በቴሌብር ይገባል፣ ከዚያ "በል ሂድና ግዛ" ነው። እኔም ለሁለት ታናናሾቼ መግዛት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ በደንብ ተሸውጃለሁ፣ እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከሁሉም በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ልጁ የሚማረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ሲያቀርብ ነበር፤ ምገባውም አለ። ስለዚህ "ዘንድሮ ምን ትሰጣላችሁ? መቼ?" ብላችሁ ሳትጠይቁ ሁለት ደርዘን ደብተርና ምሳ ዕቃ መግዛት ብር መጣል ነው። ግን ዕቃው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ሊደርስ ስለሚችል ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆን አራት አምስት ደብተር ያዙ። ከአዲስ አበባ ውጪ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ከተማ ጠይቁ፣ አሠራሩ አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ ደብተር። ዝርዝሩን ከትምህርቱ ጋር አመሳክሩ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሆኗል። ልጁ የሚማረው አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የሥነ ጥበብና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ አፋን ኦሮሞም አለ። ስምንት ገደማ በሉት። ለእያንዳንዱ አንድ፣ ለቤት ሥራ ሁለት ሦስት ተጨማሪ፣ በቃ። 24 ደብተር የሚል ዝርዝር ከመጣላችሁ "ሁሉንም አሁኑኑ ነው የምትፈልጉት?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ ግማሹ "ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት" ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ ሉክ። ሉክ ማለት ቅጠል ነው፣ ገጽ አይደለም። ባለ 50 ሉክ ደብተር 100 ገጽ አለው። አንዳንዱ ሻጭ "ባለ መቶ ነው" ሲላችሁ ገጽ እየቆጠረ ሊሆን ስለሚችል "መቶ ሉክ ወይስ መቶ ገጽ?" በሉት። ለማረጋገጥ ደግሞ ሁሉንም መቁጠር አያስፈልግም። ደብተሩን ሽቦው የሚታይበት መሐል ላይ ክፈቱት። እያንዳንዱ ወረቀት ታጥፎ ሁለት ሉክ ስለሚሆን ከሽፋኑ እስከ መሐሉ 25 ካገኛችሁ ባለ 50 ነው። 21 ካገኛችሁ ባለ 42 ነው፣ ሽፋኑ የፈለገውን ይበል።

እኔን የሸወዱኝ እዚህ ጋ ነው። መንገድ ላይ ከዘረጋ ሰው ሁለት ደርዘን ገዛሁ። ከሱቅ ረከሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳየው ባለ 50 የተባለው 42 ነበር፣ ወረቀቱም ስስ፣ ታናሽ እህቴ በእስክሪብቶ ስትጽፍ ቀለሙ ወደ ኋላው ገጽ ያልፋል። በማግስቱ ስመለስ ሰውዬው ቦታው ላይ የለም። ቢኖርስ ምን ይዤ ልከራከር ነበር? ደረሰኝ የለኝም። ለቦርሳ የተቀመጠውን ብር ወስደን ሌላ ደብተር ገዛን። እህቴ ያን ዓመት ዚፑ የተበላሸ የድሮ ቦርሳ በመርፌ ቁልፍ እየዘጋች ነው የተማረችው። አልተናገረችም፣ ግን ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ ቦርሳውን ከፊት ለፊት ታቅፋው ነበር የምትሄደው።

ስለዚህ ወረቀቱን በሁለት ጣት ያዙት፣ ከኋላው ጣታችሁ ጎልቶ ከታየ ስስ ነው። የራሳችሁን እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱና አስፈቅዳችሁ መጨረሻው ገጽ ላይ ሞክሩት። ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የመስመሩ ስፋት ከወረቀቱ በላይ ወሳኝ ነው። ጠባብ መስመር ላይ "ሀ" መጻፍ ለትንሽ እጅ ስቃይ ነው። ለእንግሊዝኛ የእጅ ጽሕፈት ባለ አራት መስመሩን፣ ለሒሳብ ባለ ካሬውን አስተማሪው ይፈልግ እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ።

እርሳስ ላይ አንድ ነገር ብቻ እዩ፣ ጥቁሩ ከእንጨቱ መሐል መሆኑን። በጫፉ በኩል ስታዩት ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ከሆነ በተቀረጸ ቁጥር ይሰበራል። ኤች ቢ የሚለው ጠንከር ያለ ነው፣ ቱ ቢ የሚለው ለስላሳና ደመቅ ያለ። እጁ ገና ላልጠና ልጅ ቱ ቢ ይሻላል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከረሜላ የሚመስል፣ ሽታ ያለው ላጲስ ለትንንሾች አትግዙ፣ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል።

ቦርሳ ሲገዛ ሁሉም የሚያየው ፊቱ ላይ ያለውን ሥዕል ነው። እናንተ ግን ማንገቻው ከላይ የተሰፋበትን ቦታ ሳቡት። ብዙ ጊዜ የሚለቀው እሱ ነው። ስፌቱ አንድ ዙር ብቻ ከሆነ ገና አዲሱን እንደገዛችሁ ሰፈራችሁ ያለ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ደርቡት። ቦርሳው ከልጁ ወገብ በታች የሚንጠለጠል ከሆነ ትልቅ ነው፣ "ያድግበታል" የሚባለው ነገር ለሹራብ እንጂ ለቦርሳ አይሠራም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የቦርሳ ክብደት ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ኪሎ መሆኑ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር አንዱ ወደ 100 ግራም ነው፣ አሥሩ 1 ኪሎ። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ኮዳ ግማሽ ኪሎ። መጽሐፉንና ምሳ ዕቃውን ጨምሩበት። ማታ ማታ የነገውን ፕሮግራም አይቶ የማያስፈልገውን ማውጣት የእናንተ ሥራ ነው፣ ልጁ ሁሉንም ተሸክሞ መሄድ ነው የሚቀለው።

ዩኒፎርም የምታሰፉ ከሆነ ሱሪውና ቀሚሱ ታች በኩል አራት ጣት ያህል ጨርቅ ታጥፎ እንዲቀር ንገሩት። በዓመቱ ፈትታችሁ ታስረዝሙታላችሁ።

ዋጋን በተመለከተ እዚህ ቁጥር አልጽፍም፣ ፖስቱ ሳያረጅ ዋጋው ያረጃል። ግን ለምን እንደሚዘል ማወቅ ይጠቅማል። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ሽቦው አብዛኛው በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፣ ደብተርም አብሮ ሄደ። ከዚያ ላይ የጳጉሜን ግፊያ ሲጨመር አስቡት። የሚቻላችሁ ከሆነ ሐምሌ ላይ ግዙ። ደርዘን ሲገዙ ይቀንሳል፣ ካርቶን ሲሆን የበለጠ ይቀንሳል፣ እኛ ግቢ ሦስት ቤት ተዋጥተን አንድ ካርቶን እንካፈላለን። ስትመለሱ ዝናብ አለ፣ ትልቅ ፌስታል ያዙ።

መብታችሁንም እወቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች አማርጦ የመግዛት መብት አለው ይላል። ዕቃ ስላያችሁ ወይም ዋጋ ስለተከራከራችሁ ብቻ የመግዛት ግዴታ የለባችሁም። "ነካክተህ ነካክተህ ልትሄድ ነው?" ለሚላችሁ ሻጭ መልሱ ይሄ ነው፣ በፈገግታ ቢሆን ይመረጣል። የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ከነደረሰኙ መልሳችሁ እንዲቀየር ወይም ብራችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። እምቢ ካለ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። ደረሰኝ ከሌለ ግን እንደኔ ነው የምትሆኑት።

ከቴሌግራም ቻናል ወይም ቲክቶክ ላይ ለምትገዙ፣ ቀብድ አትላኩ። ዕቃው እጃችሁ ገብቶ ሉኩን ከቆጠራችሁ በኋላ እዚያው በቴሌብር ክፈሉ። "መጀመሪያ ላክ፣ ከዚያ እናደርሳለን" የሚል ካለ ተዉት፣ ሌላ ሻጭ ሞልቷል።

ሁሉም ተገዝቶ ቤት ሲገባ ደብተሩን በላስቲክ ሸፍኑና ስም ጻፉ። የልጁን ስም ብቻ አይደለም፣ እህቴ ክፍል ውስጥ አራት አቤል አለ። ስም፣ የአባት ስም፣ ክፍልና ሴክሽን። ምሳ ዕቃውና ኮዳው ላይም በማይለቅ ማርከር ከታች በኩል ጻፉ፣ ሹራቡ ላይ ደግሞ አንገቱ ውስጥ። መስከረም ሳያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ሹራቡ ነው።