ከፑሽኪን ኋላ የቆመው ማን ነው?

ከወለንጪቲ በአዳማ አድርጎ አዲስ አበባ የገባ ሰው ከጎተራ ወደ ሳር ቤት ሲያቀና ፑሽኪን አደባባይን ያገኛል። ስሙን የታክሲ ረዳት ሁሉ ይጠራዋል። የሩሲያዊውን ባለቅኔ የአሌክሳንድር ፑሽኪንን መልክ ለዓለም ያስተዋወቀው ግን በዋናነት አንድ ሥዕል ነው።

ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1827 የሠራው ኦሬስት ኪፕሬንስኪ፣ ያሠራው ደግሞ የባለቅኔው የልብ ወዳጅ አንቶን ዴልቪግ ነው። ፑሽኪን እጆቹን አጣምሮ፣ ባለዳማ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ተመልካቹን ትቶ ራቅ ወዳለ ነገር ያያል። ከኋላው ትንሽ የነሐስ ሐውልት አለች፤ የጥንት ግሪኮች ለገጣሚ ቃል ታቀብላለች የሚሏት አምላክ። የያዘችው የክር መሣሪያ ለእኛ ባዳ አይደለም፣ የክራር ዘመድ ነው። እሷን አስገባልኝ ያለው ዴልቪግ ነው ይባላል። በዚያው ዓመት ቫሲሊ ትሮፒኒን ያንኑ ሰው በቤት ልብሱ፣ ኮሌታው ተከፍቶ ሥሎታል። የትሮፒኒኑ ጎረቤት ይመስላል፤ የኪፕሬንስኪው ለሐውልት የተዘጋጀ ነው። ፑሽኪን ግን የወደደው ይመስላል፦ ዴልቪግ በ1831 ሲሞት ሥዕሉን ከባለቤቱ ገዝቶ ወስዶታል። ዛሬ ሞስኮ፣ ትሬትያኮቭ ጋለሪ ይገኛል።

የሚገርመው ሌላ ነው። በዚያው በ1827 ፑሽኪን ስለ ቅድመ አያቱ ስለ አብራም ጋኒባል ልብወለድ መጻፍ ጀመረ። ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በኢስታንቡል በኩል ሩሲያ የደረሰ፣ ታላቁ ጴጥሮስ ክርስትና ያነሣው፣ ኋላም ጄኔራል የሆነ ጥቁር ሰው ነው። ሠዓሊው ከኋላው የግሪክ አምላክ ሲያቆምለት፣ እሱ ራሱ አፍሪካዊ አያቱን እየፈለገ ነበር። ልብወለዱ ሳያልቅ ቀረ።

እኛ ዘንድ ግን ወሬው ሁሉ «የማን ነው?» ላይ ቆሟል። ጋኒባል የትውልድ ከተማዬ ብሎ የጻፈው ላጎን የሚል ስም ነው። ሩሲያዊው አኑቺን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቦታውን ወደ ሐበሻ ሰሜን፣ ወደ ዛሬዋ ኤርትራ ወሰደው። የቤኒኑ ተመራማሪ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ደግሞ በ1990ዎቹ ካሜሩን ውስጥ ቻድ ሐይቅ አጠገብ ያለችውን ሎጎን ብርኒን አቀረበ፤ ማስረጃውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አዲስ አበባ በ2002፣ አስመራ በ2009 የፑሽኪን ሐውልት አቆሙ። የሩሲያና የኢትዮጵያ ወዳጅነት በተነሣ ቁጥር ዲፕሎማቶች ይህንኑ የዘር ሐረግ ይመዝዛሉ፤ የካሜሩኑን ነገር ግን የሚያነሣ የለም። ያልተጨረሰውን ልብወለድ የሚያነሣ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።