የሆቴል ነጥባችሁ የት ገባ?

«መምህር፣ በኢንተርኔት ደላላ ይዤ ሆቴሉ ነጥብ ከለከለኝ» የምትሉኝ በዝታችኋል። ነገሩ ታሪክ አለው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

አሜሪካን ኤርላይንስ የማይል ሽልማቱን በ1981 ሲጀምር ሆሊደይ ኢንና ማሪዮት በ1983 ተከተሉት። ያኔ ኢንተርኔት የለ፣ ክፍል የሚያዘው በስልክና በጉዞ ወኪል ነው። በ1996 ኤክስፔዲያ አሜሪካ፣ ቡኪንግ ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ ተወለዱ። ከሴፕቴምበር 11ዱ የ2001 ጥቃት በኋላ መንገደኛ ሲጠፋ፣ ሆቴሎቹ ባዶ ክፍላቸውን በርካሽ አስረከቧቸው። ገበያው ሲመለስስ? ደንበኛው የድረ ገጾቹ ሆኖ ቁጭ! ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ነው፤ ቀላል አይደለም።

ማሪዮት በ2015፣ ሂልተን በ2016 «እኛው ጋ ያዙ» የሚል ትልቅ ዘመቻ ከፈቱ። በቀጥታ ለያዘ አባል ቅናሽም ነጥብም አለው፤ በሌላ በኩል ለመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለክፍሉ ነጥብ የለም፣ ሌሊቱም ለደረጃ አይቆጠርም። እኔ ሳየው ነጥብ ማለት ለደላላው ይከፈል ከነበረው ላይ ተቆንጥራ ለእናንተ የምትደርስ ናት።

በዓመት አንዴ የምታድሩ ርካሹን ያዙ። ለሥራ የምትመላለሱ ግን ዋጋውን እዚያ አይታችሁ ለሆቴሉ ደውሉ።