የደቡብ አፍሪካ የውድድር ኮሚሽን

የደቡብ አፍሪካ የውድድር ኮሚሽን ነጋዴዎች በስውር ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ፣ ገበያውን የያዘ ድርጅትም ኃይሉን አላግባብ እንዳይጠቀም የሚቆጣጠር መንግሥታዊ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የውድድር ሕግ ተቋቁሞ በ1999 ሥራ ጀመረ። መቀመጫው ፕሪቶሪያ ነው።

ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ ከዋጋ ተማኝ መሥሪያ ቤት ጋር ይምታታል። የዳቦ ዋጋ ይህን ያህል ይሁን ብሎ አይወስንም፤ ዋጋው በፉክክር የመጣ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል እንጂ። ሥራው መመርመርና መክሰስ ሲሆን፣ ውሳኔ የሚሰጠው የውድድር ትሪቢዩናል፣ ይግባኝ የሚሰማው ደግሞ የውድድር ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። የኩባንያዎችን ውህደትም ይገመግማል። በዚህ ጊዜ ከዋጋ ሌላ ስንት ሰው ሥራ ያጣል የሚለውም ይታያል፤ ዎልማርት ማስማርትን ሲገዛ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 የተቀነሱ 503 ሠራተኞች ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አዟል።

የዳቦ ካርቴል

የኮሚሽኑን አሠራር በደንብ የሚያሳየው የዳቦው ጉዳይ ነው። በ2006 መጨረሻ በምዕራብ ኬፕ ፕሪሚየር፣ ታይገር ብራንድስና ፓዮኒር የተባሉት ትልልቅ ዳቦ ጋጋሪዎች ዋጋ በተመሳሳይ መጠን ጨመሩ፤ ለአከፋፋዮች የሚሰጡትንም ቅናሽ አብረው ቀነሱ። አንዱን ትቶ ወደ ሌላው የሚሄድ አከፋፋይ እንዳይቀበሉም ተስማምተው ነበር። አቤቱታውን ያቀረቡት እነዚሁ አከፋፋዮች ናቸው።

እንዲህ ያለ ስምምነት ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ ስለማይገኝ ማስረጃው ከባድ ነው። ኮሚሽኑ ግን ቀድሞ ላመነና ሌሎቹን ላጋለጠ ከቅጣት ነፃ የሚያደርግ የምሕረት ፖሊሲ አለው። ፕሪሚየር በዚህ ተጠቅሞ ምስጢሩን አወጣ። ታይገር ብራንድስ በ2007 ወደ 99 ሚሊዮን ራንድ ለመክፈል ተስማማ። ድርጊቱን የካደው ፓዮኒር ተከራክሮ ተሸነፈና በ2010 ትሪቢዩናሉ 195.7 ሚሊዮን ራንድ ቀጣው። በዚያው ዓመት በሌሎች የምግብ ክሶች 500 ሚሊዮን ራንድ ሊከፍል ሲስማማ፣ ግማሹ አነስተኛ የግብርና ምርት አቀነባባሪዎችን ለሚረዳ ፈንድ ተመደበ።

ሆኖም ቅጣት በመደበኛው አሠራር የሚገባው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ነው፤ ለዳቦ በየቀኑ ትርፍ ሳንቲም የከፈለው ደሃ ከዚያ የሚደርሰው የለም። ካሳ ለማግኘት በፍርድ ቤት ለብቻው መክሰስ አለበት፤ ለጥቂት ሳንቲም ጠበቃ የሚያቆም ሰው ደግሞ አይኖርም። ስለዚህ የሸማቾች ወገኖች በጋራ ለመክሰስ አመለከቱ። ጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2012 የቡድን ክስ እንዲህ ላለው ጉዳይም እንደሚፈቀድ ወሰነ፤ አከፋፋዮቹ በበኩላቸው ጥያቄያቸውን እስከ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አድርሰዋል።