ተወዳዳሪና ምቀኛ

ምቀኛ ሰው ባልንጀራው እንዲወድቅ ይመኛል፤ ብርቱ ተወዳዳሪ ግን ባልንጀራው ሲሮጥ አይቶ የራሱን እግር ያፋጥናል። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ፍሬያቸው ግን ለየቅል ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆን አንድ ታሪክ ከስፖርት ዓለም እነሆ።

መዶሻ ውርወራ የሚባለው ጨዋታ ስሙ የአንጥረኛን መሣሪያ ቢያሳስብም፣ የሚወረወረው እጀታ ባለው ሽቦ ጫፍ ላይ የታሰረ የብረት አሎሎ ነው። የወንዶቹ መዶሻ ጠቅላላ ክብደት 7.26 ኪሎ ግራም ነው። ማሳ ጠባቂ ልጅ ወንጭፉን አዙሮ ድንጋዩን እንደሚለቅ፣ ወርዋሪውም የጎኑ ስፋት 2.135 ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ መላ ሰውነቱን እያሽከረከረ ይለቀዋል። ከክቡ ወጥቶ ቢረግጥ ውርወራው አይቆጠርለትም። ስለዚህ ጉልበት ብቻውን አይበቃም፤ ራስን መግዛትም ያስፈልጋል።

በሶቪየት ኅብረት ዩሪ ሴዲክና ሰርጌይ ሊትቪኖቭ የተባሉ ሁለት ወርዋሪዎች ነበሩ። የሴዲክ አሠልጣኝ አናቶሊ ቦንዳርቹክ ራሱ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ ያሸነፈ ሰው ነው። በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል መምህርና ተማሪ በአንድ ሜዳ ተሰለፉ፤ ተማሪው አንደኛ፣ መምህሩ ሦስተኛ ሆነ። ቦንዳርቹክ ግን ተማሪዬ በለጠኝ ብሎ ፊቱን አላዞረም፤ ማሠልጠኑን ቀጠለ። ዕድሜዬን በማስተማር የፈጸምሁ እንደ መሆኔ፣ ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ ደመወዝ የለም እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሊትቪኖቭ ተነሣ። በ1972 ዓ.ም. በግንቦት ወር 81.66 ሜትር ወርውሮ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በሐምሌ ወር ሴዲክ በሞስኮ ኦሊምፒክ 81.80 ወርውሮ ወሰደበት። ሊትቪኖቭ በ1974 ዓ.ም. 83.98፣ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ 84.14 አደረሰው፤ ሴዲክም በ1976 ዓ.ም. በ86.34 አለፈው። ሴዲክ ሦስት ጊዜ፣ ሊትቪኖቭ አራት ጊዜ ዞሮ ይወረውር ነበርና እያንዳንዱ በገዛ መንገዱ ጸና።

የድካማቸው መከር የደረሰው በ1978 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1986 ነበር። ሰኔ 15 ቀን ሴዲክ በታሊን 86.66 ሜትር ወረወረ። ሰኔ 26 ቀን ሊትቪኖቭ በድሬስደን 86.04 ሜትር ወረወረ። ነሐሴ 24 ቀን በሽቱትጋርት በአውሮፓ ሻምፒዮና ፊት ለፊት ተገናኙ። ሊትቪኖቭ ገና በመጀመሪያው ውርወራ 85.74 ሜትር ጣለ። ሴዲክ በ83.94 ጀመረ፤ ቀጥሎ 85.28፣ በሦስተኛው 85.46 ደረሰ፤ አሁንም ተቀዳሚው ሊትቪኖቭ ነበረ። በአራተኛው ግን መዶሻው 86.74 ሜትር ላይ ወደቀ። በአምስተኛው 86.68፣ በስድስተኛው 86.62 ጨመረ። ሊትቪኖቭ ያን ቀን ከፍ ያለ ግድግዳ ባያቆምበት ኖሮ፣ ሴዲክ ያን ያህል ለመዝለል ምን ያስገድደው ነበር?

የተሸነፈውም ተስፋ አልቆረጠም። በ1981 ዓ.ም. መስከረም በሴኡል ኦሊምፒክ ሊትቪኖቭ በ84.80 አንደኛ፣ ሴዲክ በ83.76 ሁለተኛ ሆኑ። ሊትቪኖቭ በ2010 ዓ.ም.፣ ሴዲክ በ2014 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። 86 ሜትርን ያለፉ ግን እስከ ዛሬ እነርሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ነገር ግን እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር። በዚያ ዘመን ከውድድር ቀን ውጭ በድንገት የሚደረግ የመድኃኒት ምርመራ የተስፋፋ አልነበረም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች የዚያን ዘመን ክብረ ወሰኖች በጥርጣሬ ይመለከቷቸዋል። ጥርጣሬ ክፉ ነገር ነው፤ ንጹሑንና ጥፋተኛውን ሳይለይ በአንድ ጥላ ይሸፍናልና። ድል ሲገኝ ብቻ ሳይሆን የተገኘበትም መንገድ ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በክፍልህ ከአንተ የሚበልጥ ልጅ ቢኖር ደብተሩን አትደብቅበት፤ ስሙንም አታጥፋ። አጠገቡ ተቀመጥና አብረኸው አጥና። በፈተና ቢበልጥህ እጁን ጨብጠህ፣ ማታውኑ መጽሐፍህን ግለጥ።