አፍ መፍታት

ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን። አባባሉ እስሩን አፍ ላይ ያደርገዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሥራው የሚከብደው አንጎል ላይ ነው። «ቀበረ» እና «ከበረ» በመጀመሪያ ድምፃቸው ብቻ ይለያያሉ። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው። አንጎል ይህን የሚለየው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። የቋንቋ እድገት እክል ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ፣ ጆሯቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ተቀራራቢ ድምፆችን መለየት ይቸግራቸዋል። ፊንላንዳዊው ሪስቶ ናታነንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፣ አንድ ድምፅ ሲደጋገም ቆይቶ ሌላ ጣልቃ ሲገባ አንጎል ሳይታዘዝ የኤሌክትሪክ ምላሽ ይሰጣል። በአንዳንድ ጥናቶች ይህ ምላሽ በእነዚህ ልጆች ላይ ደከም ብሎ ታይቷል፤ በሁሉም ላይ ግን አይደለም።

በሆለታ ከተማ ብዙ ልጅ ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ ያድጋል። አፉን ለመፍታት ሲዘገይ «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ልክ አይደለም፤ እጅግም ያሳዝነኛል። ሁለት ቋንቋ የቋንቋ እድገት እክልን አያመጣም፤ እክሉ ካለም በሁለቱም ቋንቋ ይታያል። አንዱን ተዉ ብሎ መምከር ልጁን ከአያቱ ጋር የሚጫወትበትን አንደበት ይነጥቀዋል። ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ማጋጠም ላልጀመረ ልጅ የሚቀድመው የጆሮ ምርመራ ነው።