ከአጋሰስ እስከ ፒካፕ፦ የኪራይ ታሪክና የእኛ ውል

በመጪው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ፒካፕ በኪራይ ስለ መያዝ እንወያያለን። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አሠራሩ ከየት እንደመጣ ብናውቅ ይጠቅመናል ብለን ይህን አዘጋጅተናል።

በአገራችን «ሊዝ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የከተማ ቦታ ነው፤ የመጀመሪያው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነበርና። የዕቃና የመጓጓዣ ኪራይ ግን እጅግ የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን የወጣው የባቢሎን ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ፣ በሬ፣ ጋሪና ነጂ አንድ ላይ የሚከራይ ሰው በቀን 180 መስፈሪያ እህል፣ ጋሪውን ብቻ የሚከራይ ደግሞ 40 እንዲከፍል ይላል። የተከራየውን በሬ በመስክ አንበሳ ቢገድለው ኪሳራው የባለቤቱ ነው፤ ተከራዩ በቸልተኝነት ወይም በዱላ ቢገድለው ግን በሬ ይተካል። ሹፌሩ በማን ነው? ጉዳት ቢደርስ ማን ይከፍላል? ዛሬም የምንከራከረው በእነዚሁ ነው።

የወሎ ገበሬም ይህን ያውቃል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በመቀናጆ ተራ በተራ ያርሳሉ፤ በሬ የሌለው በእህል ይከራያል። ሲራራ ነጋዴም በአጋሰስ ጭኖ ከገበያ ገበያ ሲዞር ኖሯል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አስመራ የሚያልፈው መንገድና ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ሲሠሩ ከተማችን የመኪና መገናኛ ሆነች። አጋሰሱ ቦታውን ለፊያት ጭነት መኪና፣ በኋላም ለ«ኤንትሬ» እና ለአይሱዙ ለቀቀ።

የዘመናዊው የኪራይ ፋይናንስ መነሻ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 በእንግሊዝ የተቋቋመው የበርሚንግሃም ዋገን ኩባንያ ለድንጋይ ከሰል አምራቾች የጭነት ፉርጎ ያከራይ ነበር። በአገራችን የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 807/2005 ተሻሻለ። ዛሬ ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው። በክልላችን ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አለ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ባቀረበው የሊዝ አሠራር ተከራዩ የዋጋውን 20 በመቶ ያዋጣል፣ ባንኩ 80 በመቶውን ይሸፍናል።

ይህ ለእኛ ለሴቶች ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስና የጋራ ንብረቱ አስተዳዳሪ ባል ነበር። ይህ በፌዴራል በ1992፣ በክልላችን በ1995 ዓ.ም. በወጡት የቤተሰብ ሕጎች ተለወጠ። የብዙ ቤት ካርታ ግን አሁንም በባል ስም ነው፤ ባንክ ደግሞ ካርታ ይጠይቃል። በኪራይ ፋይናንስ ንብረቱ እስኪከፈል በአከራዩ ስም ስለሚቆይ ዋስትናው ራሱ ዕቃው ነው። ቤት የሌላት ሴት መግቢያ የምታገኘው በዚህ በር ነው።

በሩ ግን ወጪ አለው። ለምሳሌ ያህል፣ ዋጋው 2,000,000 ብር የሆነ ፒካፕ ቢቀርብልን፣ ቅድሚያ 400,000 ከፍለን ቀሪውን በ48 ወር በየወሩ 48,000 ብንከፍል፣ በጠቅላላው 2,704,000 ብር እናወጣለን። አከራዩ «ወለዱ በዓመት 11 በመቶ ብቻ ነው» ሊል ይችላል። ይህ ስሌት ግን ከፍለን የቀነስነውን ዕዳ ጨምሮ በሙሉ 1,600,000 ላይ የታሰበ ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ሲሰላ ከ19 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ በወር ክፍያው ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ድምሩ እንደራደር፤ ከአንድ አከራይ በላይም እንጠይቅ።

ከዋጋው ቀጥሎ ውሉ በጽሑፍ እንዲመልስልን የሚገባው ይህ ነው፦

ሊብሬው በመጨረሻው ክፍያ ማግስት ወደ ማኅበሩ ይዞራል ወይስ መኪናው ይመለሳል? የስም ማዛወሪያውን ማን ይከፍላል?

ጎማ፣ ዘይት፣ ቦሎና መድን በማን ነው? ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ፍሬን ቶሎ ይበላል፤ በሜዳ ከተማ የታሰበ የጥገና በጀት ለእኛ አይበቃም።

አንድ ወር ክፍያ ቢዘገይ ስንት ቀን ይታገሡናል? መኪናው ቢወሰድስ የከፈልነው ይታሰብልናል?

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ንብረት ምን እንደደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን። የተለመደው የመኪና መድን የጦርነት ጉዳትን አይሸፍንም። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ኪራዩ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ሐሙራቢ ስለ አንበሳው የጻፈውን ያህል ግልጽ አንቀጽ ያስፈልገናል።

የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ አባላት ሰኞ ወደ ባቲ፣ በሌሎቹ ቀናት ወደ ደሴ ለሚጭኑት ዕቃ አሁን የሚከፍሉት የኮንትራት ሒሳብ ለሦስት ወር ይመዝገብ። ድምሩ የወር ክፍያውን፣ የሹፌር ደመወዙን፣ ነዳጁንና ጥገናውን ከቻለ እንፈርም፤ ካልቻለ ቁጠባችንን እያሳደግን እንቆይ። ደጋፊዎቻችንም ቅድሚያ ክፍያውን ለማገዝ ከማሰባችሁ በፊት ይህን መዝገብ ጠይቁን።